ኤሲው አልጠፋ ሲል

ልጄ፣ ኤሲሽ አልጠፋ ካለ ስልክ ከማንሳትሽ በፊት ጫማሽን አድርጊና ወደ ጓሮ ውጪ። ከቤትሽ በስተጀርባ በሲሚንቶ መደብ ላይ የተቀመጠውን ትልቅ የብረት ሳጥን ቀረብ ብለሽ አዳምጪው። ከላይ ያለው ፋን ይዞራል ወይስ ቆሟል? ከዚያ ተመልሰሽ ግቢና ሳሎን ውስጥ አየር በሚወጣበት ቬንት ላይ እጅሽን ዘርጊ። ነፋስ አለ ወይስ የለም? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አብዛኛው ሰው ግን ይህን ሳያይ «ኤሲዬ አልጠፋ አለኝ» ብሎ ይደውላል፤ የመጣው ባለሙያም መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ በአንቺ ገንዘብ።

እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ ወገኖቻችን የሚገዟቸው ታውንሃውሶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው። ኤሲው አንድ ማሽን ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ውጭ ያለው የማቀዝቀዣ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕረሰር ይዞ የቤቱን ሙቀት ወደ ጓሮው አየር ይጥላል። ውስጥ ያለው፣ ማለትም ቤዝመንት የሚቀመጠው ፈርነስ፣ ትልቁን ፋን ይዞ የቤቱን አየር በቀዝቃዛ ጥቅልል ቧንቧ ላይ እያሳለፈ ወደ ክፍሎቹ ይመልሰዋል። ሁለቱ የየራሳቸው ብሬከር አላቸው። የውጭው በ240 ቮልት ይሠራል፤ የውስጡ በጋዝ የሚያሞቅ ፈርነስ ከሆነ በ120። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታት ይህን ትልቅ ኤሌክትሪክ አይነካውም። ፈርነሱ ውስጥ ያለች ትንሽ ትራንስፎርመር ኃይሉን ወደ 24 ቮልት ታወርደዋለች፤ ቴርሞስታቱም በቀጫጭን ሽቦዎች ትእዛዝ ይልክበታል። ቀዩ ሽቦ ኃይሉን ያመጣል፣ ቢጫው «አቀዝቅዝ» የሚለውን ትእዛዝ ይወስዳል፣ አረንጓዴው «ፋኑን አዙር» የሚለውን። የዘረጋው ሰው ቀለሙን ካልጠበቀ ሊለያይ ይችላል፤ ልማዱ ግን ይህ ነው።

ስለዚህ አልጠፋ ያለ ኤሲ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ቁም» የተባለውን አልሰማም፣ ወይ ደግሞ ማንም «ቁም» አላለውም፤ የታዘዘውን ቅዝቃዜ ማድረስ አቅቶት ገና እየታገለ ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የአየር ወይም የማቀዝቀዣ ጋዙ። እነዚህን ሁለቱን ያልለየ ሰው ፊልተሩ የታፈነበትን ቤት ቴርሞስታት ይለውጥበታል፤ ሽቦው የተነካካበትን ቤት ደግሞ ጋዝ ያስሞላበታል። ገንዘቡ የሚያልቀው፣ ሙቀቱም የማይወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመለየት ቴርሞስታቱ ላይ በፋራናይት የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች አንብቢ። አንዱ ቤቱ አሁን ያለበት ሙቀት ነው፣ ሌላው አንቺ ያዘዝሽው። 74 አዝዘሽ ቤቱ 78 ላይ ከቆመ ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ ችግሩ መድረስ አለመቻሉ ነው። 74 አዝዘሽ ቤቱ 69 ወርዶ እናትሽ በሐምሌ ጋቢ ለብሰው ከተቀመጡ ግን ማሽኑ አልታዘዝም ብሏል።

ከጓሮና ከሳሎን ያመጣሽው መልስ አሁን ይጠቅማል። ውጭው ጸጥ ብሎ ውስጥ ነፋሱ ብቻ ከቀጠለ አትደንግጪ። ቴርሞስታቱ ላይ የፋን ማዘዣ አለ፤ «ኦን» ላይ ከሆነ ፋኑ ሌሊትም ቀንም ይዞራል፣ «አውቶ» ላይ ከሆነ ከማቀዝቀዣው ጋር ይነሳል፣ ከማቀዝቀዣው ጋር ይቆማል። እንግዳ ወይም ሕፃን ነክቶት «ኦን» ላይ የተረሳ ቴርሞስታት ብዙ ሰው ያስጨንቃል። በዚህ አካባቢ እርጥበት ባለው ሰመር «አውቶ» ላይ እንዲሆን እመክርሻለሁ፤ ምክንያቱም ማቀዝቀዣው ሲቆም ጥቅልሉ ላይ የቀረውን ውኃ የማይቆም ፋን መልሶ ወደ ቤት ይነፋዋል፣ አየሩም ያጣብቃል። ማቀዝቀዣው ከቆመ በኋላ ፋኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢቀጥል ጤነኛ ነው፣ እንዲያ ተደርጎ ተሠርቷል። «አውቶ» ላይ እያለ፣ ቴርሞስታቱንም «ኦፍ» ብለሽው ፋኑ ካልቆመ ግን ፈርነሱ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ያለች ማብሪያ ተጣብቃለች፣ አረንጓዴው ሽቦ ከቀዩ ጋር ተነካክቷል፣ ወይም የፈርነሱ የሙቀት መከላከያ ተከፍቶ ቀርቷል። ይህ ባለሙያ ይፈልጋል፤ እስከ ነገ ቢያድር ግን የሚጎዳው ነገር ትንሽ ነው።

ውስጥ ጸጥ ብሎ ውጭ ብቻ የሚጮህ ከሆነ፣ ልጄ፣ አትዘግዪ። ቴርሞስታቱን «ኦፍ» አድርጊው። የውጭው ወዲያው ከቆመ የተበላሸው የውስጡ ፋን ነው፤ ትእዛዝ ነበር፣ ፋኑ አልተነሳም። «ኦፍ» ብለሽውም የውጭው ከቀጠለ ኮንታክተሩ ተጣብቋል ማለት ነው። ኮንታክተር በውጭው ሳጥን ጎን ካለው ክዳን ሥር የምትገኝ፣ መዳፍ የማትሞላ ማብሪያ ናት። 24 ቮልት ሲመጣላት ውስጧ ያለው የሽቦ ጥምጥም ማግኔት ይሆንና ብረቶችን ያጋጥማል፤ 240ው ቮልት ወደ ኮምፕረሰሩ ያልፋል። 24ቱ ሲቋረጥ ሞላዋ ብረቶቹን ታላቅቃለች። በተጋጠሙና በተላቀቁ ቁጥር በመካከላቸው ብልጭታ አለ። ብልጭታው ከዓመት ዓመት የብረቱን ፊት እያቃጠለና እየሸረሸረ ይሄዳል፤ አንድ ቀን አቅልጦ ያጣብቀዋል። ጉንዳንም ይገባበታል። በቴክሳስ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ያውቁታል፤ የዚያ አገር ጉንዳን የኤሌክትሪክ ሳጥን ይወዳል፣ ብረቶቹ መሃል እየተጨፈለቀም ወይ እንዳይገጥሙ ወይ እንዳይላቀቁ ያደርጋል።

ለምን አትዘግዪ አልኩሽ? ቴርሞስታቱ «ቁም» ስላለ የውስጡ ፋን ቆሟል፤ ኮምፕረሰሩ ግን ጋዙን መግፋቱን አላቆመም። በጥቅልሉ ላይ የሚያልፍ ሞቃት አየር ሲጠፋ ጥቅልሉ በረዶ ይጋግራል። ሙቀት አግኝቶ መትነን የነበረበት ፈሳሽም ሳይተን ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል። ኮምፕረሰር የተሠራው የተነነውን እንዲጨምቅ ነው፤ ፈሳሽ ሲገባበት ይሰበራል። የኮንታክተር ዋጋ፣ ዕቃው ብቻውን፣ ብዙ ጊዜ ከ50 ዶላር አይበልጥም። ኮምፕረሰር ከነሥራው ሺዎችን ይጠይቃል። ትንሿ ዕቃ ትልቁን ይዛ የምትሄደው ሰው «እስኪ እስከ ጠዋት ልየው» ብሎ ሲተኛ ነው።

ስለዚህ ወደ ብሬከር ሳጥኑ ሂጂ። የውጭው ማሽን ብሬከር ሁለት እጀታቸው በአንድ ከተያያዙት አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜም 30 ወይም 40 የሚል ቁጥር ይኖረዋል። እሱን አጥፊና ጓሮው ጸጥ ማለቱን አረጋግጪ። ከማሽኑ አጠገብ ግድግዳው ላይም ትንሽ ሳጥን አለች፤ ክዳኗን ገልጠሽ እጀታዋን ስትነቅዪ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ማሽኑን የሚጠግነው ሰው በቅርብ እያየ እንዲያጠፋው እንድትኖር ሕጉ ያስገድዳል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከመንቀል ግን ብሬከሩ ይሻላል፣ በተለይ ዝናብ ካለ ወይም መሬቱ ርጥብ ከሆነ። ነቅሎ ማስቀመጡ ከብሬከሩ በኋላ ይደረጋል።

ከዚያ በላይ አትሂጂ። ክዳኑን ከፍተው ኮንታክተሩን በእንጨት የሚመቱ፣ በጠመንጃ መፍቻ የሚፈለቅቁ ሰዎችን በስልክሽ ቪዲዮ ልታዪ ትችያለሽ። ብዙ የቤት ኮንታክተሮች ከሁለቱ የኃይል ገመዶች አንዱን ብቻ ነው የሚቆርጡት፤ ማሽኑ ቆሞም ሁለተኛው ገመድ ሕያው ነው። አጠገቡ ያለው ካፓሲተር ደግሞ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ቢመታሽ የሚያነሳሽ ሰው ጓሮ ላይ ላይኖር ይችላል። ተመቶ የተላቀቀ ኮንታክተርም ፊቱ ተቃጥሏልና ተመልሶ ይጣበቃል፤ መለወጥ እንጂ ማስታመም የለውም።

ሦስተኛው ሁኔታ ሁለቱም አብረው ሲሠሩ፣ ቤቱ ካዘዝሽው በታች ወርዶም አንቆምም ሲሉ ነው። እዚህ ኮንታክተሩን አትጠርጥሪ፤ ፋኑ «አውቶ» ላይ እያለ ችግሩ እሱ ቢሆን ኖሮ ውስጡ ጸጥ ይል ነበር። ትእዛዙ ከላይ እየመጣ ነው። መጀመሪያ ሰውን ጠይቂ፤ ባለቤትሽ በስልኩ ሆኖ ለውጦት እንደሆነ፣ የቤቱ የቀድሞ ባለንብረት ያስገባው የሰዓት ፕሮግራም በየምሽቱ 66 እያለው እንደሆነ እዪ። ከዚያ «ኦፍ» አድርጊው። ከቆመ ሽቦውም ማሽኑም ደህና ናቸው፤ ስህተቱ ቴርሞስታቱ በሚያነበው ሙቀት ወይም በተሰጠው ፕሮግራም ነው። አጠገቡ ተራ የክፍል ቴርሞሜትር ሰቅለሽ አስተያዪው።

የሚያነበው ሙቀት የሚሳሳተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአቀማመጡ ነው። የምዕራብ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ፣ የቴሌቪዥን ጀርባ፣ የመብራት አጠገብ፤ እነዚህ ሁሉ ቴርሞስታቱን ያሳስቱታል። በእኛ ቤት ደግሞ የቡናው ነገር አለ። ረከቦቱና የቡና ምድጃው ከቴርሞስታቱ ሥር ከተቀመጡ እሱ የሚያውቀው የምድጃውን ሙቀት ነው፤ ቤቱ ቀዝቅዞም «አቀዝቅዝ» ይላል። ሌላው ሰው የማያስበው ደግሞ ከቴርሞስታቱ ጀርባ ሽቦ የወጣበት ቀዳዳ ነው። በግድግዳው ውስጥ ከአቲክ የሚወርድ ትኩስ አየር በዚያ ይተነፍስበታል። በጥቂት ፑቲ መድፈን ነው መፍትሔው።

«ኦፍ» ብለሽውም ሁለቱም ካልቆሙ የቴርሞስታቱን ፊት ከግድግዳው ንቀዪው። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሳብ ሲያደርጓቸው ይለቃሉ። አስቀድሞ ግን የፈርነሱን ማብሪያ፣ አጠገቡ ያለችውን የመብራት ማብሪያ መሳይ፣ አጥፊና ንቀዪ፣ ከዚያ መልሰሽ አብሪ። ምክንያቱም ቀዩ ሽቦ ከሌላ ሽቦ ጋር ቢነካካ የፈርነሱ ሰሌዳ ላይ ያለች የ3 ወይም የ5 አምፔር ፊውዝ ትቃጠላለች፤ አንቺን የሚጎዳ ኃይል የለውም፣ ሥራ ግን ይጨምርብሻል። ከኋላው ወፋፍራም ሽቦ ካየሽ፣ በተለይ በአሮጌ አፓርታማ ግድግዳ ሥር በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ፣ እሱ 24 ቮልት አይደለምና እጅሽን አንሺ። ፊቱ ተነቅሎ ማሽኑ ከቆመ ቴርሞስታቱ ሞቷል፤ አዲስ ግዢ፣ ሥራው ያ ብቻ ነው። ፊቱ ተነቅሎም ከቀጠለ ቀዩና ቢጫው ሽቦ በግድግዳው ውስጥ አንድ ቦታ ተነካክተዋል፣ ወይም የፈርነሱ ሰሌዳ ተበላሽቷል። ሥዕል ሲሰቀል የገባ ሚስማር፣ አይጥ የበላው ልባስ፣ ቤቱ ሲሠራ ሽቦውን የወጋ የብረት መያዣ፣ እንዲህ ያለው ነው ምክንያቱ። በቅርቡ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ አሰቅለሽ ከሆነ ለባለሙያው ሳትረሺ ንገሪው፣ ግማሽ ቀን ፍለጋ ታስቀሪለታለሽ። እስኪመጣ በፈርነሱ ማብሪያ አጥፊው፤ 24ቱ ቮልት ከዚያ ስለሚመጣ የውጭውም አብሮ ይቆማል።

በዱባይ ወይም በዶሃ ያለችው ዘመድሽ ከጠየቀችሽም መንገዱ ያው ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስፕሊት በሪሞት ጠፍቶ የውጭው ከቀጠለ የተጣበቀ ማብሪያ አለና ብሬከሩን ታጥፋው። በአዲሱ የኢንቨርተር ዓይነት ግን፣ በሪሞት ሳይጠፋ፣ የውጭው ቀስ እያለ ለሰዓታት መሥራቱ ጠባዩ ነው፤ እንዲያ ሆኖ ነው ኤሌክትሪክ የሚቆጥበው።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ልምጣ፤ ታዝዞ ስለሚታገለው፣ ስለማይደርሰው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ብልሽት አይደሉም። በዚህ አካባቢ ኤሲ ሲመረጥ ውጭው 90 ዲግሪን ጥቂት ባለፈበት ቀን ውስጡን 75 አካባቢ እንዲያቆይ ታስቦ ነው። ውጭው 98 በሆነ ቀን ከቀትር እስከ ምሽት ሳያቋርጥ ቢሠራ ሥራውን እየሠራ ነው። እንዲያውም ረጅም ጊዜ የሚሠራ ማሽን እርጥበቱን ይበልጥ ያወጣል፤ ከቤቱ በላይ የሆነ ትልቅ ማሽን ግን ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆምና ቤቱ ቀዝቃዛና ርጥብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ «ትልቁን ላስገባልሽ» የሚልሽን አትስሚ። የማሽን መጠን የሚነገርበት ቶን ከበረዶ ዘመን የቀረ መለኪያ ነው፤ አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት፣ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ። የቤቱን ልክ የሚያወጣው የመስኮቱ፣ የጣሪያው መሸፈኛና የአቅጣጫው ስሌት ነው፤ የጎረቤት ማሽን ልክ አይሆንም።

ከሙቀት ቀን ውጭ ግን፣ ሌሊት ውጭው 72 ሆኖ ኤሲው አሁንም ካዘዝሽው መድረስ ካቃተው፣ ወጪውን አስቢው። 3 ኪሎዋት የሚስብ ማሽን 24 ሰዓት ሲሠራ 72 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በ15 ሳንቲም ሂሳብ በቀን 10 ዶላር ከ80 ነው።

ፊልተሩን ተመልከቺ፣ ከሁሉ በፊት። ልኩ በጠርዙ ላይ ተጽፏል፤ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስትም አለው፣ ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይሁን። ሻጮች በየሦስት ወሩ ለውጡ ይላሉ። ያ ቡና ለማይቆላበት፣ ዕጣን ለማይጨስበት፣ ሽንኩርት በሳምንት አንዴ ለሚጠበስበት ቤት ነው። በእኛ ቤት ጭሱም ቅባቱም ፊልተሩ ላይ ይቀመጣል፤ በየወሩ አውጥተሽ ብርሃን ላይ እዪው፣ ብርሃን ካላሳለፈ ለውጪው። ቡናውንና ዕጣኑን ተዪ አልልሽም፣ ቤት ያለ እሱ ቤት አይሆንም፤ ሲቆላ መስኮት ከፈት፣ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ፋን ማብራት ይበቃል። በጣም ደቃቅ አቧራ የሚይዘውን ውድ ፊልተር ደግሞ ማሽኑ ሊስብበት የማይችል ሊሆን ይችላልና ፈርነሱ የሚችለውን ጠይቀሽ ግዢ።

የውጭውን ማሽንም ዙሪያውን እዪ። በሰመር መግቢያ ላይ ከዛፍ የሚረግፈው ነጭ ጥጥ መሳይ ብናኝ፣ የሣር ቁራጭ፣ የልብስ ማድረቂያው አየር መውጫ የሚተፋው ብናኝ ጎኑን ይሸፍኑታል። ብሬከሩን አጥፍተሽ በተራ የአትክልት ጎማ ውኃ ቀስ አድርገሽ እጠቢው፤ ኃይለኛ መርጫ አትጠቀሚ፣ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። ጓሮው አስቀያሚ ሆነ ብላችሁም በአጥርና በጎመን መደብ አትከልሉት፤ ሁለት ጫማ ያህል ዙሪያው ይተንፍስ።

ከውጭው ማሽን ወደ ቤት የሚገባውን፣ ጥቁር ስፖንጅ የለበሰውን ወፍራም የመዳብ ቧንቧ ንኪው። ቀዝቃዛና ላብ ያለው ከሆነ ጥሩ ነው። አመዳይ ወይም በረዶ ካየሽበት ውስጡ ያለው ጥቅልል ጋግሯል፤ አየር አያልፍበትም፣ ቤቱ አይቀዘቅዝም፣ ማሽኑም አይቆምም። ማቀዝቀዣውን አጥፊ፣ ፋኑን «ኦን» አድርጊ፣ ለብዙ ሰዓታት ይቅለጥ። በቢላ አትጥረጊው። ቀልጦ፣ ፊልተር ተለውጦ፣ ቬንቶቹም ተከፍተው እንደገና ከጋገረ ጋዙ ጎድሏል ወይም ፋኑ ደክሟል፤ ያኔ ባለሙያ ጥሪ። ከመጥራትሽ በፊት በተራ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር አየሩ የሚመለስበትን ትልቁን ቬንትና ለፈርነሱ ቅርብ የሆነውን ቀዝቃዛ ቬንት ለኪ። ልዩነቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ እያቀዘቀዘ ነው፤ ቅዝቃዜው በአቲክ በኩል በተላቀቀ የአየር ቧንቧ እየጠፋ ሊሆን ይችላል። 8 ወይም 9 ከሆነ ማሽኑ ራሱ ታምሟል። ይህን ቁጥር በስልክ ስትናገሪ የሚያናግርሽ ሰው ድምፁ ይለወጣል።

ሁለት የቤት ልማዶች ልንገርሽ። አንደኛው ቶሎ ይቀዝቅዝ ብሎ 60 ማዘዝ ነው። ለታክሲ ራቅ ያለ ፌርማታ ብትነግሪው ሹፌሩ አይፈጥንም፣ ርቆ ይሄዳል እንጂ፤ ኤሲም እንዲሁ ነው። 74 ከፈለግሽ 74 እዘዢ። ሁለተኛው የኪራዩ ነገር ነው። ብዙ ወገኖቻችን ለባንኩ ክፍያ እንዲያግዝ ቤዝመንቱን ያከራያሉ፤ ቴርሞስታቱ ግን አንድ ነው፣ ያለውም መካከለኛው ፎቅ ላይ ነው። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፣ ቅዝቃዜ ይወርዳል። ላይ የሚተኙት ሞቃቸው ብለው 68 ያዝዛሉ፤ ታች ያለው ተከራይ በርዶት ቬንቱን ይዘጋል፣ በሐምሌም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሰካል። አንዱ ቤት በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ ይሞቃል፣ የሚከፍለውም አንድ ሰው ነው። ቬንት መዘጋቱ ደግሞ አየሩን ያንቀውና ጥቅልሉን ወደ በረዶ ይገፋዋል። ተከራይሽን አነጋግሪው፣ አትቆጪው፤ ታች ያሉትን ቬንቶች ግማሽ ብቻ መልሶ፣ ላይ ያሉትን ሙሉ ከፍቶ፣ የመኝታ ቤት በሮችን ገርበብ አድርጎ መሞከር ይቻላል።

ባለሙያ ሲመጣ አብረሽው ቁሚ። ጋዝ ለመንካት የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው 608 የሚባል ምስክር ወረቀት አለ፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም የየራሳቸውን የሙያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ወገን ነው ብለሽ ከመጠየቅ አትፈሪ፤ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ቢጠየቅ ደስ ይለዋል። «ጋዙ አልቋል፣ ልሙላው» ካለሽ «የፈሰሰው የት ነው?» በዪው። ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፣ በዝግ ቧንቧ ይዞራል፤ ከጎደለ ቀዳዳ አለ። በየዓመቱ እየሞላ የሚሄድ ሰው ቀዳዳውን አላገኘም፣ ወይም መፈለግ አልፈለገም።

«ጋዝሽ ታግዷል፣ ማሽኑ በሙሉ ይለወጥ» የሚለውም ይመጣል። እውነቱን ያዢ። አር 22 የሚባለው አሮጌ ጋዝ ከ2020 መግቢያ ጀምሮ በአሜሪካ መመረቱም መግባቱም ቆሟል፤ በቦታው የቆየው አር 410ኤም ከ2025 ጀምሮ በአዲስ ለሚሠሩ የቤት ማሽኖች ቀርቷል፤ በእነሱ ውስጥ አር 32 እና አር 454ቢ ገብተዋል። ነገር ግን አንቺ ቤት ያለው አሮጌ ማሽን መሥራትም መጠገንም አልተከለከለም። ኮንታክተር ተጣብቆ ሳለ በወለድ አዲስ ማሽን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ስጠኝ በዪ፣ ፊቱ መቃጠሉን በዓይንሽ እዪ። ዋጋው ሺዎች ሲሆን ሌላ ሰው ጥሪና ሁለተኛ አስተያየት ስሚ፤ ኮምፕረሰሩ በእርግጥ ሞቶ፣ ማሽኑም ከ15 እስከ 20 ዓመት አገልግሎ ከሆነ ብቻ መለወጡ ልክ ነው።

አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። አጥፊው ያልኩሽ ማሽን በሐምሌ ሲጠፋ ቤቱ በጥቂት ሰዓት ይግላል። እናትሽ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ በተለይ ሽንት የሚያስወጣውን፣ ሙቀት ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ፈጥኖ ይጎዳቸዋል፤ ሕፃናትንም እንዲሁ። አዛውንቶች ደግሞ «ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። ቤዝመንቱ ቀዝቃዛ ነውና ወደዚያ አውርጃቸው፣ ውኃ አቅርቢላቸው፣ ካልበቃም ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ዘመድ ቤት ውሰጃቸው። ግራ ከተጋቡ፣ ከተዝለፈለፉ ወይም ቆዳቸው ከጋለ 911 ደውዪ።

ዛሬ ማታ፣ ማሽኑ ጤነኛ ሳለ፣ የብሬከር ሳጥኑን ክፈቺና የውጭውንና የውስጡን ብሬከር ለዪ፤ በወፍራም እስክሪብቶ በአማርኛ ጻፊባቸው። ፈርነሱ አጠገብ ያለችውን የመብራት ማብሪያ የምትመስለውንም ሰው በስህተት እንዳይነካት ምልክት አድርጊባት። ከዚያ እናትሽን ይዘሽ ውረጂና የትኛው እንደሚጠፋ አሳዪያቸው፤ አንቺ ሥራ ላይ ስትሆኚ ቤት ያሉት እሳቸው ናቸው።